ለወንድሜ ትንሽ ካሊበር ዋይልድካት እንምረጥለት፦ .17 ነው .20 ነው ወይስ .22?

የካዛንቺሱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ኮሎራዶ አውሮራ ነው ሚኖረው፣ እሁድ እሁድ ከሥራ ባልደረባው ጋር ወደ ዋዮሚንግ እየነዱ ሜዳ ላይ ፕሬሪ ዶግ ይተኩሳሉ። ለማታውቁት፣ ጉድጓድ እየቆፈረ በመንጋ ሚኖር ኪሎ ገደማ ሚመዝን እንስሳ ነው፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲቃኝ ከክንድ አይበልጥም፣ ሳሩን ስለሚግጥና መሬቱን ስለሚበሳሳው ባለ ከብቶቹ ራሳቸው ኑ ተኩሱልን ይላሉ። ወንድሜ የያዘው ሬሚንግተን 700 ነው በ.223። በርሜሉ አርጅቷል፣ ድሮ በ200 ሜትር ጥይቶቹን አንድ ላይ ሚሰበስበው አሁን እየበተነበት ነው። ታዲያ ጠመንጃ ሠሪው በርሜል መቀየርህ ካልቀረ ለምን ዋይልድካት አናደርግልህም ብሎ አራት ምርጫ ደረደረለት፣ .17 ማክ ፎር፣ .20 ፕራክቲካል፣ .22-250 እና .22-250 አክሌይ። አሁን ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል፣ እኔንም በቮይስ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እዚህ ነገሩን ሚያውቅ ሰው ስለማይጠፋ ልጠይቅልህ አልኩት።

ሚፈልገው ይሄ ነው። ከ100 እስከ 300 ሜትር፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ከዛ በላይ። ሲተኩስ አረሩ የት እንዳረፈ በራሱ መነጽር ማየት ይፈልጋል፣ ጓደኛውን የት ሄደች እያለ መጠየቅ ሰልችቶታል። ጥይቱን ራሱ ነው ሚሞላው፣ የ.223 ዳይና ፕሬስ (ቀለሁን ወደ ልኩ ሚመልሰው ቅርጽ ማውጫና መጫኛው) አለው፣ ያጠራቀመው ቀለህም ብዙ ነው። ነፋሱ ደሞ ከቀትር በኋላ ቆብ አያስቀምጥም ይላል። በናታችሁ ከነምክንያቱ ንገሩኝ፣ ይሄ ይሻላል ብቻ ካላችሁኝ ለምን ብሎ መልሶ እኔኑ ነው ሚያፋጥጠኝ።

ባለ_ምንሽር፦
ደስ ሚል ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ነገሩ አዲስ ለሆነባቸው፣ .17 .20 .22 ሚባለው ካሊበር የአረሩ ውፍረት በኢንች ነው፣ ዋይልድካት ማለት ደሞ ፋብሪካ ያላወጣው ጥይት ነው። ያለ ቀለህ ትወስዳለህ፣ አንገቱን ታጠበዋለህ ወይ ታሰፋዋለህ፣ ወይ ትከሻውን ወደፊት ትገፋዋለህ፣ ከዛ በዛው ልክ በርሜል ታስወጣለህ። ሱቅ ገብቶ አንድ ፓኮ ስጠኝ ማለት የለም። አንዳንዱ ዋይልድካት ሲሳካለት ፋብሪካ ያነሳዋል። .22-250 ራሱ እንደዛ ነው የመጣው፣ የ.250 ሳቬጅ ቀለህ አንገቱ ወደ .22 ጠቦ ሰው በየቤቱ ሲሠራው ቆይቶ፣ ጌቢ ሚባል ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ቫርሚንተር ብሎ ስሙን አስመዘገበ፣ ሬሚንግተን ደሞ በ1965 የፋብሪካ ጥይት አደረገው። ስለዚህ .22-250 ዛሬ ዋይልድካት አይደለም፣ አሜሪካ በየሱቁ አለ። አክሌይ ሚባለው ግን አሁንም በእጅ ሚሠራ ነው፣ ፒ ኦ አክሌይ ሚባሉት ስመ ጥር ጠመንጃ ሠሪ የቀለሁን ጎን ቀጥ አድርገው ትከሻውን ወደ 40 ዲግሪ ያቆሙበት ዓይነት።

አሁን ወንድምህን ሚመለከተው። ቦልቱን ይየው፣ ጥይቱን ከኋላ ይዞ ሚዘጋውን ብረት ማለቴ ነው። የ.223 ቀለህ ቂጡ 9.6 ሚሊሜትር ነው፣ የ.22-250 ግን 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። እሱ የያዘው ቦልት ለትንሹ የተሠራ ነው። .22-250 ካለ በርሜል ብቻ አይደለም ሚቀይረው፣ ቦልትም ይገባበታል፣ ካዝናውም ላይ ሥራ ይኖራል። ሠሪው ይሄን ነግሮታል ወይ? በዛ ቦልት እንደ ልብ ሚሄዱት .17ና .20 ናቸው፣ ሁለቱም ከ.223 ቤተሰብ ስለሆኑ።

የካዛንቺሱ፦
ኧረ አልነገረውም መሰለኝ! አሁኑኑ እልክለታለሁ።

ሳፋሪ_ሰው፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ከአዳኞች ጋር ባሌና ደቡብ ስዞር ነው ያሳለፍኩት፣ የውጭ ሰዎች ሚያመጡትን ጠመንጃ ሁሉ ተሸክሜ አይቻለሁ። ትንንሾቹን ጥይቶች እወዳቸዋለሁ፣ ድምፃቸው ቀላል ነው አይራገጡም። ግን ነፋስ ባለበት ሜዳ .17 ይዞ መውጣት አይመከርም። አረሯ 20 ግሬን ናት፣ አንድ ነጥብ ሦስት ግራም ማለት ነው። እንደ ገብስ ፍሬ ነው ነፋሱ ሚጫወትባት። ፍጥነቷ ለመጀመሪያው 150 ሜትር ያታልልሃል፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ከዛ በኋላ ትደክማለች። ለወንድምህ .22-250 ንገረው፣ ቦልቱንም ይቀይር። አንዴ ከፍሎ ይገላገል።

ፊዚክስ_አራት_ኪሎ፦
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው፣ ቁጥሩ ሚገርም ነገር አለው። ፍጥነቶቹ የፋብሪካ ናቸው፣ በእጅ ሲሞላ ይለያያል። .17 ሬሚንግተን ፋየርቦል፣ ከማክ ፎር ጋር መንትያ በሉት፣ 20 ግሬን አረር በሰከንድ 1,219 ሜትር ይወረውራል፣ ጉልበቱ 960 ጁል አካባቢ። .204 ሩገር በ32 ግሬን 1,288 ሜትር፣ 1,700 ጁል ገደማ። .223 በ55 ግሬን 988 ሜትር፣ እሱም 1,700 ጁል ገደማ። .22-250 በ55 ግሬን 1,122 ሜትር፣ 2,240 ጁል። ለማነጻጸር ሁላችንም ምናውቀው ክላሽ 2,000 ጁል አካባቢ ነው፣ ግን አረሩ 8 ግራም ነው ፍጥነቱም 715 ሜትር ብቻ። አንድ ኪሎ ለምትመዝን እንስሳ 960 ጁልም ከበቂ በላይ ነው፣ ስለዚህ ጉልበት እዚህ ጥያቄ ውስጥ መግባት የለበትም ባይ ነኝ። ጥያቄው ነፋስ ነው፣ መርገጥ ነው፣ ሙቀት ነው።

ነፋሱን ሚወስነው ደሞ ክብደት ብቻ አይደለም ጋሼ። አየሩን እንዴት እንደሚቀድ ነው፣ ባሊስቲክ ኮኤፊሸንት ሚሉት። ሆርናዲ ቪ-ማክስ ሚለውን አረር ብቻ እንውሰድ። የ.17ቱ 20 ግሬን 0.185 ነው። የ.20ው 32 ግሬን 0.210። የ.22ቱ 55 ግሬን 0.255። አሁን እዩ፣ የ.20ው 40 ግሬን 0.275 ነው! ከ.22ቱ 55 ግሬን በክብደት ያንሳል፣ ቀጭንና ረዘም ያለ ስለሆነ ግን አየሩን በተሻለ ይሰነጥቃል። እና .204 ሩገር ያንን 40 ግሬን በ1,189 ሜትር ነው ሚለቀው፣ ከ.22-250ው በላይ። ነፋስ ላይ .20 በ40 ግሬን ከ.22-250 በ55 ግሬን አያንስም፣ በትንሹ ይበልጣል እንጂ፣ ያውም ባነሰ ባሩድ።

አንድ ነገር ልጨምር። እነሱ ሚተኩሱበት ከፍታ ቀላል አይደለም፣ ቼየን ከተማ ራሷ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል የሳሳ ነው፣ አረርን ሚይዘውም ሚገፋውም ያንሳል። እኛ ጋ አራት ኪሎ ከ2,400 በላይ ስለሆነ ከዛም የባሰ ስስ ነው። ጥይት ካርቶን ላይ የተጻፈው የመውደቂያ ሰንጠረዥ ለሱ ቦታ ልክ አይሆንም፣ ከፍታውን አስገብቶ ራሱ ያስላ።

ሳፋሪ_ሰው፦
እሺ ልጄ፣ 55 ግሬኑን አልፈሃል። ግን .22-250ን በ8 ኢንች ትዊስት፣ ማለት አረሩን በየ8 ኢንቹ አንድ ዙር በሚያዞር ጥምዝ፣ አስወጥቶ 75 ወይ 80 ግሬን ቢሞላበትስ? ያኔ ነፋስ ላይ .20ህ አይደርስበትም።

ፊዚክስ_አራት_ኪሎ፦
ትክክል ነዎት ጋሼ፣ አይደርስበትም። ከ400 ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደሱ ነበር ምለው።

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
እኔ ብዙ ዓመት ሚኒሶታ ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ .20 ፕራክቲካል ነበረኝ፣ ክረምቱን ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ቀለህ እሠራ ነበር ስለዚህ ስለሱ ልናገር።

.20 ፕራክቲካል ማለት የ.223 ቀለህ ሆኖ አንገቱ ብቻ ወደ .20 የጠበበ ነው። ሌላ ምንም አልተነካም፣ ትከሻው እዛው፣ ርዝመቱም እዛው 45 ሚሊሜትር አካባቢ። ከ5.69 ወደ 5.18 ሚሊሜትር ነው ምትወርደው፣ ግማሽ ሚሊሜትር! በአንድ ምት ይገባል። ቀለሁን ትጠርጋለህ፣ ጎኑን ቅባት በጣትህ ስስ አድርገህ ታሻለህ፣ ዳዩ ውስጥ ታስገባና የፕሬሱን እጀታ ታወርዳለህ፣ መጀመሪያ ምንም አይሰማህም፣ ከዛ አንገቱ ቡሽንጉን፣ ዳዩ ውስጥ ያለችውን አንገት አጥባቢ ቀለበት፣ ሲያገኝ እጅህ ላይ ለስለስ ያለ መያዝ ይመጣል፣ ትጨርሰዋለህ፣ ስታወጣው አንገቱ ቀጥ ብሎ ሚያብረቀርቅ ይሆናል። ቅባት ካበዛህ ትከሻው ላይ ሰርጎድ ያለ ነገር ታያለህ፣ ቅባቱ መሄጃ አጥቶ ናሱን ስለሚገፋው ነው። ቅባት ካሳነስክ ደሞ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ይነክስና እሱን ለማውጣት ሙሉ ማታህ ይሄዳል። ደህናው ነገር፣ ዳይ እንደ አዲስ መግዛት ላያስፈልገው ይችላል፣ ቡሽንግ ሚቀበል የ.223 ዳይ ካለው የ.20 ቡሽንግ ብቻ ይቀይርበታል።

.17ን ከ.223 ቀለህ መሥራት ግን ሌላ ሥራ ነው። አንገቱ በብዙ ስለሚጠብ ባንዴ ካስገደድከው ይጨማደዳል፣ ደረጃ በደረጃ ነው ሚወርደው፣ ናሱ እየወፈረ ይሄዳል፣ ከዛ ዙሪያውን መላግ ይመጣል፣ በእሳት ማለስለስም ይመጣል። ማክ ፎር ደሞ ከ.221 ፋየርቦል ቀለህ ነው ሚሠራው፣ ከ.223 አጭር ነው። ያ ሁሉ ያጠራቀመው ቀለህ ለሱ በቀጥታ አይሆነውም።

ስለዚህ እኔ ምለው፣ ከፍጥነቱ በፊት ቀለሁ ከየት ይመጣል ብሎ ይጠይቅ። ፕሬሪ ዶግ ሲተኩስ ውሎ ምን ያህል ጥይት እንደሚያልቅ እሱ ያውቀዋል። ቀለሁ ውድ ከሆነ ወይ ለመሥራት ሰዓት ሚፈጅ ከሆነ ጠመንጃው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ያሳዝናል። .223 ቀለህ ግን አሜሪካ መሬት ላይ ተለቅሞ ይገኛል።

የካዛንቺሱ፦
ይሄ ነገር ልቤን ነካው፣ እሱም እንደዛ ሚል ሰው ነው። ግን አንድ ጥያቄ፣ .204 ሩገር በየሱቁ ካለ ለምን .20 ዋይልድካት?

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ሠሪው ሊጠይቀው ይገባ የነበረ። ጥይት ለማይሞላ ሰው .204 ነው፣ ሌላ ወሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ.222 ሬሚንግተን ማግነም ቀለህ ተሠርቶ የወጣ ነው፣ ከ.223 ሁለት ሚሊሜትር ግድም ይረዝማል፣ ፍጥነቱም በትንሹ ይበልጣል። ግን የራሱን ቀለህ ይፈልጋል። ወንድምህ የ.223 ቀለህ ስላለው፣ ስለሚሞላም፣ ያቺን ትንሽ ፍጥነት ትቶ ቀለሁን ቢወስድ ያዋጣዋል። ሁለቱም ሚበሉት አረር አንድ ነው፣ በርሜሉም ያው የ.20 ነው፣ ቻምበሩ፣ ጥይቱ ሚቀመጥበት ጎድጓዳ፣ ብቻ ነው ሚለየው።

ባለ_ምንሽር፦
በዚህ ተስማምቻለሁ። ዱሮ ዋይልድካት ሚሠራው ፋብሪካው ማይሞላው ክፍተት ስለነበረ ነው። .22 ሆርኔት እ.ኤ.አ. በ1930 ገበያ ሲወጣ የጦር መሣሪያ መኮንኖች ቀድመው ሲሞክሩት የነበረ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ኪልቦርን ሚባለው ሰው ትከሻውን አስፍቶ ኬ-ሆርኔት አደረገው። .220 ስዊፍት በ1935 መጥቶ በሰከንድ 1,250 ሜትር ሲል ዓለም ጉድ አለ፣ በርሜል ይበላል ተብሎም ስሙ ጠፋ። በ1950 ደሞ የሬሚንግተኑ ማይክ ዎከር .222ን ሲያመጣ ሰው ቀስ ያለና ሚያስተማምን ነገር እንደሚሻል አየ፣ .223 የመጣው ከዛ መስመር ነው። አሁን .17 ሬሚንግተን ከ1971 ጀምሮ አለ፣ .17 ፋየርቦል ከ2007፣ .204 ከ2004፣ ሆርናዲ በ2024 ደሞ .22 ኤአርሲን አመጣ ለረጅም አረር ተብሎ። ክፍተቱ ጠቧል። ዛሬ ዋይልድካት ሚያዋጣህ ያለህን ነገር ሚያስጠቅምህ ከሆነ ነው፣ .20 ፕራክቲካል ደሞ ልክ እንደዛ ነው።

የፒያሳ_ቶርኖ፦
እኔ ጠመንጃ አልሠራም፣ ቶርኖ ላይ ነው ሕይወቴ፣ ግን በርሜል ሚወጣበትን መንገድ በደንብ አጥንቻለሁ ስለምወደው። ለወንድምህ ሁለት ነገር ይጠይቅለት። አንደኛ የሪመሩ፣ ቻምበሩን ሚቆፍረው መሣሪያ፣ አንገት ስንት ነው። .223 ቀለህ ሲጠብ አንገቱ ትንሽ ይወፍራል፣ ሠሪው ጠባብ አንገት ያለው ሪመር ከተጠቀመ እያንዳንዱን ቀለህ ዙሪያውን መላግ ሊመጣበት ነው፣ ለኢላማ ውድድር ጥሩ ነው ለሱ ግን ልፋት ነው። ላልተላገ ቀለህ ሚሆን ሪመር ይበለው። ቻምበሩ ከመቆፈሩ በፊት የራሱን ቀለህ አጥብቦ አረር ሰክቶ ባዶ ናሙና ሠርቶ ይስጠው፣ ባሩድም ፕራይመርም (ባሩዱን ሚያቀጣጥለው ቂጡ ላይ ያለው ካፕ) የሌለው፣ ሠሪው በሱ ይለካል። እኛም ሻፍት ስንሠራ ቤሪንጉን አምጣ ነው ምንለው፣ በወሬ አንቆርጥም።

ሁለተኛ ትዊስቱ። .204 ከፋብሪካ በ12 ኢንች አንድ ዙር ነው ሚመጣው ብዙ ጊዜ፣ 40 ግሬኑን አንዳንዱ በርሜል ይወደዋል አንዳንዱ ያንገራግራል። 11 ይሁን። እና አፈሙዙ፣ በትንሽ ካሊበር አፈሙዝ ጫፍ ላይ ፀጉር ምታክል ቡር፣ የብረት ሽራፊ፣ ብትቀር አረሩን ገፋ አድርጋ ነው ምትለቀው፣ ሠሪው ጫፉን እንዴት እንደሚጨርስ ይየው።

ፊዚክስ_አራት_ኪሎ፦
11 ኢንች ትዊስት ላይ 1,150 ሜትር በሰከንድ ቢወጣ አረሩ በደቂቃ 247 ሺህ ዙር ገደማ ነው ሚሽከረከረው። ስስ ልባስ ያለው አረር ከዚህ በላይ ሲዞር አየር ላይ ሊበተን ይችላል። ስለዚህ 9 ወይ 8 እንዳይለው፣ ለ32ና ለ40 ግሬን 11 መሐል መንገድ ነው።

እህተ_አራዳ፦
ሁላችሁም ስለ ጥይቱ ነው ምታወሩት፣ እኔ ስለ እንስሳው ትንሽ ልበል፣ ባዮሎጂ ነው ያጠናሁት። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያያችሁ ቆፋሪ እንስሳት ለመሬት ምን እንደሚሠሩ ትገምታላችሁ። ፕሬሪ ዶግ እዛ ሜዳ ላይ የብዙ ፍጥረት ምሰሶ ነው። ጥቁር እግር ፌሬት ሚባለው እንስሳ ምግቡም ቤቱም እሱ ነው፣ ፕሬሪ ዶግ ሲመናመን ፌሬቱ ጠፋ ተብሎ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 እዛው ዋዮሚንግ ሚቲትሲ አጠገብ ነው ጥቂት ተገኝቶ እንደገና የተራባው። ወንድምህ ሚተኩስበት መሬት ፌሬት የተለቀቀበት አለመሆኑን ይጠይቅ። ዩታ ያለው የፕሬሪ ዶግ ዝርያ ደሞ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ድንበር ሲሻገሩ ሁሉም አንድ አይደለም።

ሌላው እርሳስ ነው። እነዚህ ቀጫጭን አረሮች ሲመቱ ብትን ነው ሚሉት፣ የእርሳሱ ስብርባሪ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ሬሳው ሜዳ ላይ ሲተው ንስሩና ጭልፊቱ መጥቶ ይበላዋል ይመረዛል። እርሳስ የሌለው አረር አለ፣ በናታችሁ እሱን ያስብበት። እና እንስሳውን በባዶ እጁ አይንካ፣ ቁንጫው ወረርሽኝ ያስተላልፋል፣ ያ የድሮው የአይጥ ወረርሽኝ ሚባለው በሽታ ራሱ ነው።

የካዛንቺሱ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ይሄን ጓደኛውም አያውቅም መሰለኝ። ሚተኩሱት የግል መሬት ላይ ነው በባለቤቱ ፈቃድ፣ ግን ፌሬቱን እጠይቀዋለሁ።

የፒያሳ_ቶርኖ፦
እርሳስ የሌለው ከሆነ ትዊስቱን እንደገና እዩት! መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በአንድ ክብደት አረሩ ይረዝማል፣ ረጅም አረር ደሞ ፈጣን ትዊስት ይፈልጋል። አረሩን ይምረጥና ከዛ ትዊስቱን ይዘዝ፣ ተገላቢጦሽ እንዳይሆን። ከፍታው ግን ይረዳዋል፣ ስስ አየር ላይ አረር በቀላሉ ይረጋጋል።

ሱሉልታ_ቤተሰብ፦
ጣልቃ ልግባና፣ የኛስ? ሱሉልታ እናቴ ድንች ተክላ ጃርት ሌሊት እየቆፈረ ጨረሰባት። ዝንጀሮም አለ ከገደሉ ሚመጣ። ከዚህ ሁሉ ጥይት አንዱ ለኛ አይሆንም?

ሳፋሪ_ሰው፦
አይሆንም ልጄ፣ ይሄን ነገር በደንብ ልንገርህ። ጠመንጃ ለመያዝ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንስሳ ለመተኮስ ደሞ ሌላ ፈቃድ ነው፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፣ አዝመራ በላብኝ ብለህ ተነስተህ አትተኩስም። ዝንጀሮው ጭላዳ ከሆነማ የኛው ብቻ ነው፣ ሌላ አገር የለም። ሱሉልታ ደሞ ዛሬ በየአጥሩ ቤት ነው፣ በሰከንድ ሺህ ሜትር ሚሄድ ነገር እዛ ማን ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም። ለጃርት አጥር ነው መድኃኒቱ። ሽቦው ከመሬት በታች ይግባ፣ ጃርት ቆፋሪ ነው ከላይ አይመጣም። ለዝንጀሮ ከጥንት ያለው ማማ፣ ወንጭፍና ውሻ ነው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ካለ አይደፍርም።

ሱሉልታ_ቤተሰብ፦
እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ። ሽቦውን ምን ያህል ልቅበረው?

ሳፋሪ_ሰው፦
ከክንድ አታሳንሰው፣ ታችኛውን ጫፍ ወደ ውጪ አጥፈው፣ ሲቆፍር እግሩ ሽቦ ያገኛል።

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ወደ ወንድምህ ልመለስ፣ ያልተነሳ ነገር አለ፣ ሙቀት። ፕሬሪ ዶግ ሜዳ ላይ አጋዘን እንደማደን አይደለም፣ ቁጭ ብለህ ተራ በተራ ነው ምትተኩሰው። .22-250 በአንድ ጥይት 36 ግሬን አካባቢ ባሩድ ያቃጥላል፣ .223ና .20 ፕራክቲካል 25 ግሬን አካባቢ። ያ ሁሉ እሳት በዛችው ጠባብ ቀዳዳ ነው ሚያልፈው። የ.22-250 በርሜል እጅህን ቶሎ ያቃጥልሃል፣ ከመነጽሩ ፊት ሙቀቱ ይርገበገባል ምስሉ ይደንሳል፣ መጠበቅ አለብህ። ጉሮሮው ማለትም ጥይቱ ካረፈበት ፊት ያለው ጥምዝ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። አክሌይ ካደረግከው ባሩዱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሚጨምረው ግን ትንሽ ነው፣ ለዚህ ሥራ በፍጹም አልመክረውም።

.17 ደሞ ሙቀቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ቆሻሻው ነው። ቀዳዳው 4.37 ሚሊሜትር ነው፣ መዳቡ ቶሎ ይለጠፍበታል አነጣጥሮ መምታቱ ይበላሻል፣ መጥረጊያ ዘንጉ እንደ ስፖኪያ ቀጭን ነው ትንሽ ከገፋኸው ይጎብጣል። ባሩድ ሲሰፈርም አንድ አሥረኛ ግሬን ልዩነት ያስታውቃል። ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በርሜል መጥረግ ሚወድ ሰው አለ፣ ወንድምህ ሚወድ አይመስለኝም። ያው .17 አንድ ነገር ላይ ማንም አይደርስበትም፣ መርገጥ ሚባል የለውም፣ አረሩ ሲያርፍ ቁልጭ አድርገህ ታያለህ። .20ውም ግን ከባድ በርሜል ላይ ከሆነ ያሳየሃል፣ እኔ በ12 ማጉያ አይ ነበር። .22-250 ላይ ግን መነጽሩ ይዘላል፣ መልሰህ እስክታገኘው አቧራው በኗል።

ባለ_ምንሽር፦
እና እባካችሁ ደህንነቱን። የተሠራው ቀለህ ቂጡ ላይ .223 ተብሎ ነው ሚቀረው፣ ማንም አይቶ .223 ነው ሊል ይችላል። የ.223 ጥይት በ.20 ቻምበር ውስጥ አንገቱ ስለሚወፍር ቦልቱ እሺ ብሎ አይዘጋም፣ ሰው ግን ኃይል ሊጠቀም ይችላል፣ እዛ ላይ ነው አደጋው። በርሜሉ ላይ .20 ፕራክቲካል ተብሎ በጉልህ ይቀረጽ፣ የጥይቱም ካርቶን ለብቻው በሌላ ቀለም፣ ሁለቱን አንድ ሜዳ ይዞ አይውጣ። የባሩድ ልክም ከሰው አይቀበል፣ የ.204ን ልክ ገልብጦ .20 ፕራክቲካል ላይ አይሙላ፣ ቀለሁ ያንሳል ግፊቱ ይበዛል። ከባሩድ አምራቹ መጽሐፍ ዝቅተኛውን ይዞ ይጀምር፣ ቀስ እያለ ይውጣ።

ሳፋሪ_ሰው፦
እኔም ልመለስ። ልጆቹ በቁጥር ያመጡት ነገር ልክ ነው፣ 300 ሜትር ላይ .20 በ40 ግሬን ከ.22-250 ሚያንስበት ምክንያት አላገኘሁም። ቦልቱ ሳይቀየር፣ ቀለሁ እያለ፣ ሙቀቱም ቀንሶ። ይሄን ያድርግ። እኔ ምጨምርለት ነፋስ ማንበብ ይማር፣ ሳሩን ይይ፣ አቧራውን ይይ፣ መነጽሩ ውስጥ የሙቀቱ ሞገድ ወዴት እንደሚሄድ ይይ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ሩቁን ይተኩስ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ቅርቡ ይመለስ።

የካዛንቺሱ፦
ሁሉንም አነበብኩለት። መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሠሪው ጋ ደውሎ ቦልቱን ጠየቀው፣ አዎ .22-250 ከሆነ ቦልት ይቀየራል ዋጋውም ይጨምራል አለው፣ በዛው .22-250ና አክሌይ ወጡ። .17ን በመጥረጊያው ዘንግ ምክንያት ተወው። .20 ፕራክቲካል ሆኗል! ከባድ በርሜል፣ ላልተላገ ቀለህ ሚሆን ሪመር፣ ናሙናውን ዛሬ ማታ ሠርቶ ነገ ይወስድለታል። እርሳስ የሌለውን አረር ጠይቆ በ.20 ይገኛል ተብሏል። ፌሬቱንም ባለ መሬቱን ጠየቀው፣ እነሱ አካባቢ አልተለቀቀም አለው፣ እሱ ግን የግዛቱን የዱር እንስሳት ቢሮ ደውሎ ሊያረጋግጥ ነው።

አንድ የቀረው ትዊስቱ ነው። እርሳስ የሌለው 32 አካባቢ ግሬንና የእርሳሱ 40 ግሬን ሁለቱንም ልተኩስ እፈልጋለሁ ይላል። 11 ይብቃው ወይስ 10 ይበል?

የፒያሳ_ቶርኖ፦
የመዳቡን አረር ርዝመት በካሊፐር ለክቶ ይላክልህ፣ ከጫፍ እስከ ቂጥ፣ ከ40 ግሬኑ ጎን አድርጎ። ካልረዘመ 11 ይበቃዋል። ከረዘመ አረሩን የሠራው ድርጅት ካርቶኑ ላይ ሚለውን ዝቅተኛ ትዊስት ያንብብ፣ እሱን ይዘዝ።

ፊዚክስ_አራት_ኪሎ፦
ርዝመቱን ስትልክ ከፍታውንና የጠዋቱን ሙቀት ጨምርልኝ፣ መረጋጋቱን አስልቼ እነግርሃለሁ። ብርድ ላይ አየሩ ስለሚወፍር በክረምት ጠዋት ሚሠራ ከሆነ በበጋም ይሠራል።

የካዛንቺሱ፦
እሺ፣ ሲነጋበት ይለካና እዚሁ እለጥፈዋለሁ።